አየሁ እና ሰማሁ

ሃያ ስድስት ዓመት በድሬዳዋ ፍርድ ቤት
ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ ከዳኛው በስተግራ፣
ላቤ ወረቀቱን እያራሰው በሙቀት፣
ማራገቢያው ከላይ ሲንቋቋ፣ ሲያጓራ።

አንድ ነገር ተማርኩ፦ "አየሁ" ሲል ይጻፋል።
"ሰማሁ" ያለ እንደሆን ዳኛው እጁን ያነሳል፣
እስክሪብቶዬ ይቆማል።
"ማን ነገረህ? እሱ ይምጣ። የሰማኸውን ተወው።"
ስንቱን እውነት በዚህ ሕግ ከደጅ አስቀረነው፤
ስንቱን ውሸት ደግሞ፣ "አየሁ" ስላለ ብቻ፣ በማኅተም አከበርነው።
(ስሜ ተሰማ ነው። ዳኛው ይስቅበት ነበር።)

ደቻቱ የመጣ ሌሊት ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ነበር።
ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ የዘነበው ደንገጎ ነው፣ ከላይ፣ ከዳገቱ አገር።
እኛ ጋ አሸዋው ደርቆ፣
ቀን ጫት የሸጡበት ጆንያ ከነገረባው ወድቆ፣
ወንዙ እንደ ሌባ መጣ፣ መብራት ሳይዝ፣ ሳያስል።
ድምፁን የሰሙ "ባቡር ነው" አሉ፤
ባቡሩ ከቆመ ስንት ዓመቱ!

እታገኝ በበር ተረፈች።
ቤቷን ውሃ ሲጠርገው አንድ ሳንቃ በር መጣላት፣
አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፤ እሱ ላይ ተለጥፋ እስከ ንጋት
ጎርፉ ሲንጣት አድሮ፣ ከከተማው በታች ተፋት።
"ገብርኤል ነው" አለች፣ "ክንፉን ነው ያነጠፈው፤
በር የመሰላችሁ ለእናንተ ነው።"
ለቁልቢ ጃንጥላ ተሳለች፣ ወርቀ ዘቦ፣ ባለ ዘርፍ፤
ቀጥላ እኔ ዘንድ መጣች፦ "ጋሽ ተሰማ፣ አንተ ታውቅበታለህ መጻፍ፣
ተአምሬን ደህና አድርገህ፣ በሕግ ቋንቋ ጻፍልኝ፤
የሚክድ ሰው ቢመጣ ወረቀቱ ይሟገትልኝ።"

ጀመርኩ። "እኔ ቃል ሰጪ፣ ዕድሜዬ አርባ አንድ፣
ነዋሪነቴ ከደቻቱ ዳር..."
ቀና ስል ግድግዳው ጋ ቆሟል በሩ።
በምስማር የተጫረ መስመር አለበት፣
ከታች ወደ ላይ፣ ሰባት።
የልጅ ቁመት።

የሒንዲያ በር ነው።
ልጇ ሮብሌ በዝናብ ቀን ተወልዶ፣ ስሙንም ከዝናብ ያገኘው፣
በየዒዱ ጠዋት እዚህ ሳንቃ ላይ ነበር የሚለካው።
በሩ ሲገነጠል ነው ውሃው ቤት የገባው።
ያው በር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ማጠፊያ፦
አንዷን ሊያወጣ ሲነሳ
አንዱን ከፍቶ ሰጠው።

ምን ብዬ ልጻፍ? ቃል የሚሰጥ የተረፈ ነው።
ለሰመጠ መጥሪያ አይደርሰው፤
ሦስት ጊዜ ስሙ ቢጠራ፣ ከአሸዋው ማን አቤት ይበል?
እግዜር የለም አላልኩም፤ ይህን አትጻፉብኝ።
በዚህ በር ብቻ መፍረድ ነው የከበደኝ።

ሐሙስ ለት ሒንዲያ መጣች።
መስመሮቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ሰባተኛው ላይ ቆመች።
እታገኝ እግሯ ላይ ወደቀች፤ ተአምር የሚለው ቃል
ጉሮሮዋ ውስጥ ቀረ፣ እንደዚያ ሌሊት አሸዋ።
"በርሽን ውሰጂው" አለቻት።
"ምን ላይ ልግጠመው? ቤት የለኝ።"
ከዚያም፣ ትንሽ ቆይታ፦ "እንኳን ተረፍሽ።"

እኔ ግን የልማድ ነገር፣ ምስክር ፊቴ ሲቆም ዝም ማለት አላውቅበት፣
"አሁንም ታምኛለሽ?" አልኳት።
እንደ ሞኝ አየችኝ።
"አቦ ጋሽ ተሰማ፣ እኔ በበሩ መቼ አመንኩና?"
ሰላት ደርሶ ነበር። "ውሃ" አለች፣ እጅጌዋን ሰብስባ።

ውሃ።

እታገኝ ጀሪካኑን አነሳች፣
እጇ እየተንቀጠቀጠ አፈሰሰችላት፣ በጣም ቀስ ብላ፣
ወንዙን በሙሉ የያዘች ይመስል።

ወረቀቱ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።
"አየሁ" ከሚለው በታች ባዶ ነው፤ ማኅተም አልመታሁበት።
እኔ ያን ሌሊት ግቢዬ፣ ሽቦ አልጋ ላይ፣
ኮከብ እየቆጠርኩ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።
ጎርፉን የሰማሁት ከሰው ነው።
ያየሁት የጀሪካኑን ውሃ ነው።
ለምን ማስረጃ እንደሚሆን ግን፣ ብትጠይቁኝ፣ አላውቅም።